አንድ ደወል፣ አምስት ፍጥነት

የዚህን ሙዚቃ አሠራር በግማሽ ገጽ ጽፎ መጨረስ ይቻላል። ከላይኛው ላ ተነሡና አንድ ኖታ ብቻ ተጫወቱ። ተመለሱና ከዚያው ከላ ጀምራችሁ ሁለት ኖታ ውረዱ፦ ላ፣ ሶል። እንደገና ተመልሳችሁ ሦስት ውረዱ፦ ላ፣ ሶል፣ ፋ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ አምስት፤ በየዙሩ አንድ ኖታ እየጨመራችሁ ቀጥሉ። አንዱ ኖታ ረጅም፣ ተከታዩ የእሱ ግማሽ ይሁን፤ ይህ የረጅምና የአጭር ምት እስከ መጨረሻው አይለወጥም። አሁን ይህንኑ ዜማ ለአምስት የባለክር መሣሪያ ቡድኖች አከፋፍሉት። እያንዳንዱ ቡድን ከፊተኛው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱንም በግማሽ ቀንሶ ይጫወት። ከጎናቸው አንድ ደወል አቁሙ። ይኸው ነው።

የኢስቶኒያው የሙዚቃ ደራሲ አርቮ ፔርት «ካንቱስ ለቤንጃሚን ብሪተን መታሰቢያ» የተባለውን ሥራ በ1977 ሲጽፍ ያደረገው ከሞላ ጎደል ይህን ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) እንደ መሪው አያያዝ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይወስዳል። ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ከተጻፉት የክላሲካል ሥራዎች መካከል እንደዚህ በሰፊው የሚደመጡ ጥቂት ናቸው፤ እንደዚህ በደረቅ ስሌት የተሠራ ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ሁለቱ ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ነው ቀጥሎ የምናየው። የኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ ሐዘኑ ያለው በሕጉ ውስጥ አይደለም። ሕጉ ዝም በሚልባቸው ሦስት ቦታዎች ላይ ፔርት የወሰነው ውሳኔ ነው ሥራውን የሐዘን ሙዚቃ ያደረገው።

እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን በዲሴምበር 4 ቀን 1976 አልድበርግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሲሞት የ63 ዓመት ሰው ነበር። «ፒተር ግራይምስ» የተሰኘው ኦፔራውና በ1962 የቀረበው «የጦርነት ሬኩዊም» በአገሩ ብቻ ሳይሆን ከብረቱ መጋረጃ ወዲያም ስሙን አስጠርተውለታል። ወደ ሶቪየት ኅብረት ብዙ ጊዜ ተመላልሷል፤ ከቼሎ ተጫዋቹ ሮስትሮፖቪች ጋር የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሾስታኮቪችም አሥራ አራተኛ ሲምፎኒውን ያበረከተው ለእሱ ነው። ፔርት ግን በአካል አግኝቶት አያውቅም። ያኔ የ41 ዓመት ሰው ሲሆን የሚኖረው የሶቪየት ኅብረት አካል በነበረችው ኢስቶኒያ ነው፤ እንዳሻው ድንበር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው አልነበረም። በኋላ እንደተናገረው የብሪተንን ሙዚቃ ንጽሕና ገና መረዳት የጀመረው ሰውዬው ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ሊያገኘውም ይመኝ ነበር። ስለዚህ ሥራው ወዳጁን ያጣ ሰው ለቅሶ ሳይሆን ሊተዋወቁ ሲችሉ ሳይተዋወቁ የቀሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። በኤፕሪል 1977 ታሊን ላይ በኤሪ ክላስ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ።

ፔርት እዚህ ሕግ ላይ የደረሰው በብዙ ውጣ ውረድ ነው። በ1935 ፓይዴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ ራክቬሬ ውስጥ አደገ። ቤታቸው የነበረው አሮጌ ፒያኖ መካከለኛው ክፍሉ ስለተበላሸ ልጁ ላይኛውንና ታችኛውን ጠርዝ ይነካካ ነበር ይባላል። ታሪኩ ከኋለኛው ሙዚቃው ጋር ከሚገባው በላይ የገጠመ ስለሆነ ትልቅ ትርጉም አልሰጠውም። ከዚያ ይልቅ ልብ የሚባለው በኢስቶኒያ ሬዲዮ በድምፅ ቴክኒሻንነት የሠራባቸው ዓመታት ናቸው። ድምፅ ከተመታ በኋላ እንዴት እንደሚከስም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ በጆሮው ለይቶ ማወቅ የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር። ካንቱስን የጻፈው ይህ ጆሮ ነው።

ወጣት ሳለ ግን እንዲህ አልጻፈም። በ1960 የጻፈው «ኔክሮሎግ» አሥራ ሁለቱን ድምፆች በእኩል ደረጃ የሚያሰልፈውን የምዕራባውያን ስልት የተከተለ የመጀመሪያው የኢስቶኒያ ሥራ ነበር፤ በሞስኮ ባለሥልጣናት ዘንድ ለውግዘት ዳረገው። በ1968 ደግሞ «ክሬዶ»ን ጻፈ። የባኽን የዶ ሜጀር ፕሬሉድ ወስዶ በከባድ የኦርኬስትራ ትርምስ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ መልሶ ያነሣዋል፤ መዘምራኑም በላቲን በክርስቶስ አምናለሁ ይላሉ። በዚያ አገርና በዚያ ዓመት ይህ ቀልድ አልነበረም፤ ሥራው ከቀረበ በኋላ ታገደ። ፔርትም ዝም አለ። በመካከሉ ሦስተኛ ሲምፎኒውንና ጥቂት ሌሎች ሥራዎችን ቢጽፍም ለስምንት ዓመት ያህል ዋና ሥራው የድሮ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መገልበጥና ማጥናት፣ በደብተር ላይ ባለ አንድ መስመር ዜማዎችን ያለ ማቋረጥ መጻፍ ነበር። በ1972 ኦርቶዶክስ ሆነ፤ የኛው ሳይሆን የምሥራቁ ማለት ነው። በ1976 ከዚህ ጸጥታ ይዞት የወጣው «ለአሊና» የሚባል ሁለት ገጽ ያህል የፒያኖ ሥራ ነው።

ስልቱን «ቲንቲናቡሊ» ብሎ ሰየመው፤ ትንሽ ደወል ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ሐሳቡ ሁለት ድምፆችን ማጣመር ነው። አንዱ በስኬሉ ላይ ደረጃ በደረጃ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሌላው ከሦስት ኖታ ውጭ አያውቅም፤ በካንቱስ እነዚህ ላ፣ ዶና ሚ ናቸው፣ ማለትም የላ ማይነር ኮርድ ኖታዎች። ተጓዡ ድምፅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁለተኛው ከሦስቱ መካከል ለእሱ የሚቀርበውን በቋሚ ደንብ እየመረጠ ያጅበዋል። አንዳንዴ ሁለቱ ተስማምተው ይገጥማሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ኖታዎች ይሆኑና ይፋተጋሉ። ይህ መፋተግ የደራሲው የዕለቱ ስሜት የወለደው አይደለም፤ ደንቡ ወደዚያ ቦታ ስላደረሳቸው ነው። ፔርትና ባለቤቱ ኖራ ነገሩን ሲያስረዱ አንድና አንድ ሲደመር አንድ ነው ይላሉ። ሒሳቡ ባይገጥምም ጆሮ ላይ ልክ ነው፤ ሁለቱን ድምፆች ለይቶ መስማት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያቅታል።

እንግዲህ በካንቱስ ይህን ጥንድ ድምፅ በአምስት ፍጥነት አሰለፈው። አንድን ዜማ በተለያየ ፍጥነት በአንድ ጊዜ ማስኬድ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የፍላንደሩ ኦኬገም አንድን ሙሉ ቅዳሴ በዚህ ዓይነት ካኖን፣ ማለትም አንዱ ድምፅ የሌላውን ዜማ በሚከተልበት አሠራር፣ ላይ ሠርቶታል፤ ፔርትም በዝምታው ዓመታት ያጠናው እንዲህ ያለውን ነው። ልዩነቱ፣ የጥንቶቹ ጥበባቸውን ይሸሽጉት ነበር፤ ዜማው የተለያየ እስኪመስል ድረስ ይሸምኑታል። ፔርት ግን ዜማውን ማንም ሊስተው እስከማይችል ድረስ አራቆተው።

በአንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ አምስት ሰዎች አስቡ። የመጀመሪያው እየሮጠ ይወርዳል፣ ሁለተኛው በእሱ ግማሽ ፍጥነት፣ አምስተኛው ደግሞ እግሩን አንሥቶ እስኪያሳርፍ ድረስ የመጀመሪያው አሥራ ስድስት ጊዜ ረግጧል። የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች፣ ሁለተኛዎቹ ቫዮሊኖች፣ ቪዮላዎቹ፣ ቼሎዎቹና ደብል ባሶቹ ግንኙነታቸው ይኸው ነው። ቫዮሊኑ አንድ ሰከንድ የሚሰጠውን ኖታ ባሱ አሥራ ስድስት ሰከንድ ይይዘዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ውጤቱን ለማየት ግን አንድ ቦታ ላይ ቆም ብሎ መቁጠር ይጠቅማል። ባሶቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮቻቸውን፣ ማለትም ላ፤ ላ ሶል፤ ላ ሶል ፋ፣ ሲጨርሱ የተጫወቱት ስድስት ኖታ ብቻ ነው። በዚያው ርዝመት ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች 96 ኖታ ይጫወታሉ። የቫዮሊኖቹ ዙር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ስለሚያድግ አሥራ ሦስተኛው ሲያልቅ 91 ኖታ ሆኗል፤ ስለዚህ 96ኛው ላይ አሥራ አራተኛውን መውረድ ጀምረዋል። የባሱ ስድስት ኖታ ከስኬሉ ሦስት ደረጃ አላለፈም፤ የቫዮሊኑ ግን ሁለት ኦክታቭ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለቱም የሚያነቡት አንድ ዜማ ነው። አድማጩ ግን አንድ ነገር በአምስት መልክ እንደሚሰማ አያስብም። የሚሰማው ከላይ እየፈሰሰ የሚወርድ ድምፅና ከታች ቀስ እያለ የሚነሣ ክብደት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የመውረዱ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዙር ተመልሶ ከላይ ይጀምራል፤ ስለዚህ ሙዚቃው ይወርዳል እንጂ አልወረደም። እየደጋገመ ወደተነሣበት ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥር ግን የሚደርስበት ቦታ ካለፈው አንድ እርምጃ የዘቀጠ ነው። የሞት መርዶ የደረሰው ሰው ነገሩን የሚያስበው እንዲህ ይመስለኛል። ፔርት ይህን አስቦ እንደሆነ አልጠይቅም፤ ሕጉ ይህን ያደርጋል፣ ሕጉን የመረጠው ደግሞ እሱ ነው።

አሁን ሕጉ ዝም ወደሚልባቸው ቦታዎች እንምጣ። አንደኛው ቪዮላ ነው። ቫዮሊኖቹ፣ ቼሎዎቹና ባሶቹ እያንዳንዳቸው ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ስኬሉን ሲወርድ ሌላው በሦስቱ ኖታ ያጅበዋል። ቪዮላዎቹ ግን አልተከፈሉም፤ ዜማውን ያለ አጃቢ ብቻቸውን ይጫወታሉ። በሥራው ትክክለኛ መካከል፣ ሁለት ቡድን ከላይ ሁለት ቡድን ከታች ሆኖ፣ አንድ መስመር ብቻውን ይጓዛል። ሕጉ ይህን አላዘዘም። የሰው ድምፅ በሚኖርበት ከፍታ ላይ ያለውን መሣሪያ ለይቶ ብቻውን መተው የሰው ምርጫ ነው፤ ቪዮላውን ለይተው ማድመጥ የቻሉ ሰዎችም እዚያ ሥራው ውስጥ አንድ ሰው እንዳለ ይሰማቸዋል።

ሁለተኛው ማቆሚያው ነው። በየዙሩ አንድ ኖታ የሚጨምር ሕግ በራሱ መጨረሻ የለውም፤ መሣሪያው ኖታ እስኪያልቅበት ሊቀጥል ይችላል። ፔርት ለእያንዳንዱ ቡድን መድረሻ ወሰነለት፤ ሁሉም ከላ ማይነር ኮርድ አንዱን ኖታ ሲያገኝ እዚያው ይቆማል። ፈጥነው የሚሄዱት የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች ቀድመው ይደርሱና ኖታቸውን ይዘው ሌሎቹን ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ሁለተኛዎቹ፣ እያለ በተራ እስከ ባሶቹ። ድምፁ ደግሞ እምብዛም ከማይሰማ ሹክሹክታ ተነሥቶ በዝግታ እየጎላ አሁን ጣራው ላይ ደርሷል። በሌላ ሙዚቃ ጩኸት የሚመጣው ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። እዚህ ግን ከፍተኛው ጩኸትና ፍጹም አለመንቀሳቀስ አንድ ላይ ደረሱ፤ ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ አንድ ኮርድ ይዞ ቆሟል። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ይህን ስትሰሙ ደረታችሁ ላይ የሚያርፈው ነገር ባሶቹ ናቸው። ተጫዋቾቹ ረጅሙን ኖታ በአንድ ደጋን መጨረስ ስለማይችሉ የደጋን መመለሻቸውን ያፈራርቃሉ፤ ቀዳዳ እንዳይሰማ አንዱ ሲመልስ ሌላው ይዞ ይቆያል።

ሦስተኛው ደወሉ ነው። የተጻፈለት አንድ ኖታ፣ ላ ብቻ ነው። ሥራው በኖታ ላይ በተጻፈ ዝምታ ይጀምርና ደወሉ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያም ከስኬሎቹ አቆጣጠር ጋር ሳይተሳሰር በየሦስቱ እየመታ ይዘልቃል። ኦርኬስትራው የመጨረሻውን ኮርድ ሲይዝ ደወሉ የለም፤ ወይም የሌለ ይመስላል። በዚያ ጩኸት ሥር አንድ ጊዜ በለስላሳው ይመታል፣ ማንም ምቱን አይሰማም። ባለክሮቹ በድንገት ሲያቆሙ ደወሉ ከተመታ በኋላ ባለው ግማሽ ላይ ተገኘ፦ መጀመሪያ የሌለው ድምፅ። ደወል ደግሞ አንድ ኖታ ብቻ አያሰማም፤ በላዩ የሚንሳፈፉ ሌሎች ድምፆች አሉት። ከእነዚህ መካከል ዶ ሻርፕን ነጥለው የሚሰሙ ብዙ ናቸው፤ ያ ደግሞ የላ ማይነር ሳይሆን የላ ሜጀር ኖታ ነው። ሙሉውን ሥራ ያጠላበት የማይነር ቀለም በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች፣ ማንም ተጫዋች ሳይጫወተው፣ በብረቱ ንዝረት ተቀየረ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን የትንሣኤ ምልክት ያደርጉታል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። የሬዲዮ ቴክኒሻኑ ጆሮ ግን እዚያ እንደነበረ አልጠራጠርም።

ይህን ሁሉ ይዘን ካንቱስ ለቅሶ ነው ወይ ብለን ብንጠይቅስ? በሙሾ ብንመዝነው ሙሾ አይባልም። ሟቹን አይጠራም፣ ሥራውን አያወሳም፤ ከብሪተን ሙዚቃ የወሰደው አንዳች ዜማ የለም። አልቃሽም የለበትም፤ ስሜቱን ፊት ለፊት የሚያወጣ አንድ ብቸኛ ቫዮሊን እንኳ አልተፈቀደም። የምዕራባውያን የቀብር ሙዚቃ የለመደው የሰልፍ ምትም አይሰማበትም። ያለው ጊዜ ብቻ ነው። አምስት ዓይነት ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ከአንድ ኮርድ ላይ ይገናኛል።

ሥራው ወደ ሰፊው ዓለም የወጣው ፔርት በ1980 ከሶቪየት ኅብረት ወጥቶ በመጀመሪያ ቪየና ቀጥሎም በርሊን ከተቀመጠ በኋላ፣ ኢሲኤም የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1984 «ታቡላ ራሳ» የሚለውን አልበም ሲያሳትም ነው። ከዚያ ወዲህ ፔርት «ቅዱስ ሚኒማሊዝም» የሚል ታፔላ ተለጥፎበት ከፖላንዱ ደራሲ ጎሬትስኪና ከእንግሊዙ ታቨነር ጋር ይደረደራል። ታፔላው ለሻጭ እንጂ ለአድማጭ አይረዳም። ፊልም ሠሪዎችም ካንቱስን አልተውትም፤ ማይክል ሙር በ2004 «ፋረንሃይት 9/11» ውስጥ የኒውዮርኩ ጥቃት ያስከተለውን ባሳየበት ክፍል ተጠቅሞበታል። ምርጫው ይገባኛል፣ ግን አልወደውም። ፊልም የሚወስደው የመጀመሪያዎቹን ቫዮሊኖች ነው፤ ከባሶቹ ጋር ለመቆየት የሚያስፈልገው ጊዜ የለውም። በስልክ ድምፅ ማውጫ የሚሰማ ሰውም ዕጣው ያው ነው፤ ከሥራው ሁለቱ አምስተኛ ከታች ተቆርጦ ይቀርበታል። ይህ ሙዚቃ ቀላል ነው፣ ቆንጆ ድባብ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ በምን እንደሰሙት እጠይቃለሁ። በደህና የጆሮ ማዳመጫ፣ ቫዮሊኖቹን ትቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባሶቹን ብቻ የተከተለ ሰው ሌላ ሥራ ይሰማል፤ ዜማ የማይመስል፣ በግዙፍ እርምጃ የሚወርድ ነገር።

ሕጉ ብቻውን ሐዘን አይሠራም ያልኩትን ለመፈተን ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፔርት በዚያው በ1977 «አርቦስ» የሚል ሥራ ጽፏል፤ ትርጉሙ ዛፍ ነው። እሱም አንድን ዜማ በተለያየ ፍጥነት የሚያስኬድ ካኖን ነው፤ እዚህ ፍጥነቶቹ ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ለዋሽንት ቤተሰብ ተጽፎ በኋላ ለናስ መሣሪያዎችና ለምት መሣሪያዎች ተዘጋጀ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በመለከትና በትሮምቦን ሲሰሙት የአደባባይ ጉዳይ ነው፤ የሚያብለጨልጭ፣ ደረቱን የነፋ፣ እንኳን ሊያስለቅስ ሰው ከመቀመጫው የሚያስነሣ። ሁለቱን አከታትሎ ማድመጥ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ካንቱስን አስቀድሙ።